«ዴክሳ»፣ ግርሻ ትኩሳት እና የደም መመረዝ፦ ከአገራችን የወጣ አንድ የሕክምና ታሪክ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራት አምስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። «ዶክተር፣ ልጅ ሲያተኩሰው ዴክሳ ቢወጋ ቶሎ ይሻለዋል ይባላል፤ እውነት ነው?» የሚል። አንዷ እናት ደግሞ ቀጠል አድርጋ «በኮሮና ጊዜ እናንተው ራሳችሁ ስትሰጡት አልነበር?» አለችኝ። ልክ ናት፣ ይሰጥ ነበር። አሁንም ለአንዳንድ ሕመምተኛ እንሰጣለን። ስለዚህ «አዎ» ብላችሁ ወይም «አይ» ብዬ ብቻ ብመልስ ትክክል አይሆንም።

ዛሬ መልሱን በታሪክ ልሞክረው። ታሪኩ የውጭ አገር ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ክፍል እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በእኛ ሕመምተኞች አልጋ ዳር የተሠራ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን አፍልታችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደማነሳው ልንገራችሁ። ከተወሰነ ጊዜ በፊት አንዲት የአራት ዓመት ልጅ እናቷ አቅፋት መጣች። ትኩሳቱ ከጀመራት ሦስት ቀን ሆኗታል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ቦታ መርፌ ተወግታለች። የመርፌውን ስም እናትየዋ አታውቀውም፤ ማታውኑ ግን ልጅቷ ላብ አጥቦት ትኩሳቱ ወረደ፣ በላች፣ ተጫወተች። «ዳነችልኝ ብዬ ነው ዶክተርዬ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ የልጅቷ እጅና እግር ቀዝቅዟል፣ ትተነፍሳለች ግን በጣም ቶሎ ቶሎ ነው፣ ስትጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድናለች። ደሟ ሲታይ ወባ ሞልቶታል። እናትየዋ ከመቀነቷ ፈትታ ያወጣችው ብልቃጥ ላይ ዴክሳሜታዞን ይላል። ልጅቷ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ሁለት ቀን አጥተን ነበር፤ በሕፃን ላይ ሁለት ቀን ብዙ ነው።

ይህች ልጅ የነበረችበትን ሁኔታ እኛ ሴፕሲስ እንለዋለን። ሕዝባችን «ደሙ ተመረዘ» ወይም «ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገባ» ይለዋል። ሁለቱም አባባሎች ከእውነቱ ግማሹን ይዘዋል። ሴፕሲስ ማለት በሰውነት ውስጥ የገባው ተህዋሲ (ባክቴሪያ፣ የወባ ተህዋሲ፣ ቫይረስ ሊሆን ይችላል) ብቻውን የሚያደርሰው ጉዳት አይደለም። ሰውነታችን ያን ተህዋሲ ለመዋጋት ሲቆጣ ቁጣው ከልክ አልፎ የራሱን ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ልብና አንጎል ሲጎዳ ነው። ይህን የሰውነት ቁጣ በሕክምና ቋንቋ ብግነት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 49 ሚሊዮን ሰው በሴፕሲስ እንደታመመ፣ 11 ሚሊዮን ያህሉም እንደሞተ ተገምቷል። አብዛኛው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው፤ ከታመሙት ውስጥም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ወደ 20 ሚሊዮን ይጠጋሉ።

እንግዲህ ጥያቄው በተፈጥሮ ይመጣል። የሚገድለው ቁጣው ከሆነ ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ለምን አንሰጥም? አዲስ መድኃኒት እስኪፈጠር ለምን እንጠብቃለን? በመደርደሪያችን ላይ ለሌላ በሽታ የተሠሩ ብዙ አሉ። ይህን ጥያቄ የጠየቁ ሐኪሞች መልሱን ለማግኘት ከመጡባቸው ቦታዎች አንዱ አዲስ አበባ ነበር፤ ያመጣቸውም ቅማል ነው።

ከደጋ ወደዚህ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች ግርሻ ትኩሳትን ሳታውቁት አትቀሩም። ከልብስ ቅማል የሚመጣ በሽታ ነው። ብዙ ሰው ንክሻው የሚያስተላልፈው ይመስለዋል፤ አይደለም። ሰው ሲያሳክከው ቅማሉን በጥፍሩ ሲጨፈልቀው ከውስጡ የሚወጣው ተህዋሲ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። ትኩሳቱ አምስት ስድስት ቀን ያህል አንገርግቦ በድንገት ይለቃል፤ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ሲነሣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለስበታል። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ተህዋሲውን በርሊን ላይ ኦበርማየር የተባለ ሐኪም በሕመምተኞች ደም ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያየው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፤ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ይመስላል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። ከዚያ በኋላ ግን ንጽሕናውና ኑሮው ሲሻሻል ከአብዛኛው ዓለም ጠፍቶ በእኛና በጎረቤቶቻችን አገር ቀረ። ክረምት ሲሆን፣ ብርዱ ሰውን አንድ ቤት ሲያጨናንቀው፣ ልብስ ሳይታጠብ ሲከርም ይነሣል። በእስር ቤት፣ በወታደር ካምፕ፣ በጎዳና በሚያድሩ ወጣቶችና በየደጀ ሰላሙ ባሉ የቆሎ ተማሪዎች ላይ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ በስደት አውሮፓ የገቡ ወጣቶች ላይ ሲገኝ የዚያ አገር ሐኪሞች ብዙዎቹ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት በሽታ ነበር።

ግርሻ ሲታከም አንድ የሚያስፈራ ነገር አለው። መድኃኒቱ ሕመምተኛውን ከማዳኑ በፊት ያብሰዋል። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን በተሰጠው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውየው አልጋው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ይንዘፈዘፋል፣ ትኩሳቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይቃዣል። ቀጥሎ ላቡ ይንቆረቆራል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። አብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ያልፍለታል፤ ጥቂቱ ግን እዚያው ላይ ይሞታል። ይህ ያሪሽ-ሄርክስሃይመር ይባላል። ሁለቱ የቆዳ ሐኪሞች (ያሪሽ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ሄርክስሃይመር በ1902) የቂጥኝ ሕመምተኛ በሜርኩሪ ሲታከም ቁስሉ መጀመሪያ እንደሚብስ ጽፈው ነበር። ካርል ሄርክስሃይመር አይሁዳዊ ስለነበር በሰማንያ አንድ ዓመቱ ናዚዎች አግዘውት በ1942 በቴሬዚንሽታት ካምፕ ሞተ። ስሙን በየመማሪያ መጽሐፉ እየጠራን ይህን የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤልድሪድ ፓሪ፣ ወጣቱ ዴቪድ ዋረልና ባልደረቦቻቸው በዚህ ምላሽ ጊዜ ልብና ሳንባ ምን እንደሚሆኑ ሰዓት በሰዓት ለኩ። ሥራቸው በ1970 ታተመ። ያዩት ነገር ዛሬ ሴፕሲስ የምንለው ነው፦ መጀመሪያ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ሰውነት ኦክስጅን አብዝቶ ይፈልጋል፣ ከዚያ ደም ሥሮቹ ይላላሉ፣ ልብ አብዝታ ብትረጭም ግፊቱ ይወድቃል።

ይህ ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። ሌላ ሴፕሲስ ያለበት ሕመምተኛ ወደ እኛ ሲመጣ ቃጠሎው የተጀመረው መቼ እንደሆነ አናውቅም። ትናንት ማታ ይሁን ከትናንት ወዲያ ማን ያውቃል? በግርሻ ግን ሰዓቱን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ፔኒሲሊኑን ስትወጉት ነው የሚጀምረው። ሊነድ ያለውን ቤት፣ የሚነድበትን ደቂቃ ጭምር አውቃችሁ፣ ባልዲ ይዛችሁ በር ላይ እንደመቆም ነው። የብግነት መድኃኒት ይሠራ እንደሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ባልዲው ግን አንድ አልነበረም። በመጀመሪያ የተሞከረው ሁላችሁም የምታውቁት ወገን ነው። የዴክሳ ዘመድ የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን። ሁለቱም ስቴሮይድ ይባላሉ፤ ከስቴሮይድ የመጀመሪያው መድኃኒት ኮርቲዞን እ.ኤ.አ. በ1948 ለመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ተሰጥቶ አልጋ ላይ የከረሙ ሰዎችን ስላስነሣ ግኝቱ በ1950 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ብግነትን በማብረድ የሚደርስባቸው ጥቂት ነው። እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ በግርሻ ሕመምተኞች ላይ ሃይድሮኮርቲዞንና ፓራሲታሞል ተሞክረው በ1978 የወጣው ጥናት ያሳየው ግን ትኩሳቱን በመጠኑ ቢያበርዱም ምላሹን እንዳላስቀሩት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1983 ደግሞ ከዋረል ጋር የሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ያሉበት ቡድን ሜፕታዚኖል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሞከረ። ለሕመም ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ምላሹን ቀለል አደረገው፣ አላጠፋውም። ለምን እንዳቀለለው ያኔ ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ የሰውነት ቁጣ መልእክተኞች ገና በውል አልተለኩም ነበርና።

እነሱ የተለኩት በ1992 በታተመ ሥራ ነው። ከኢትዮጵያውያን የግርሻ ሕመምተኞች ፔኒሲሊን ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ በየጊዜው ደም ተወስዶ ሲመረመር፣ መንዘፍዘፉ ሲጀምር በደማቸው ውስጥ ቲኤንኤፍ የሚባለውና ሌሎች ሁለት መልእክተኞች ብዙ እጥፍ ዘልለው ተገኙ። ምላሹ ያልመጣባቸው ጥቂቶች ላይ እንዲያ አልዘለሉም። ተህዋሲው በመድኃኒቱ ሲፈራርስ ሰውነት ስብርባሪውን አይቶ «ተወረርኩ» ብሎ አገር ይያዝ ይላል። የሚያንዘፈዝፈው ያ ጩኸት ነው።

ጩኸቱን የሚያሰማው ታወቀ ማለት ነው። አፉን መዝጋት ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት መልስ በአንድ ዓመት መጣ። አንደኛው ፔንቶክሲፊሊን ነው። እግራቸው ላይ የደም ዝውውር ለደከመባቸው ሰዎች የሚታዘዝ፣ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የነበረ የሚዋጥ ኪኒን። በቤተ ሙከራ ቲኤንኤፍን ስለሚቀንስ በሴፕሲስ ላይ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ለግርሻ ሕመምተኞች ከፔኒሲሊኑ አስቀድሞ ተሰጠ፤ ምላሹንም አላስቀረም፣ መልእክተኞቹንም አልቀነሰም። በመስተዋት ቱቦ ውስጥ የሠራ በሰው ደም ውስጥ አልሠራም። ይህ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ስንቴ እንደተደገመ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ሁለተኛው መልስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዳንኤል ፈቃደ በግንባር ቀደም ጸሐፊነት ያወጡት ነው፤ ዋረልም አብሯቸው አለ። 49 የግርሻ ሕመምተኞች ነበሩ። ለ20ዎቹ ፔኒሲሊኑ ከመሰጠቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቲኤንኤፍን የሚይዝ፣ ከበግ ደም የተዘጋጀ ፀረ-አካል ተሰጣቸው። ለ29ኙ የማስመሰያ መድኃኒት። ማን የቱን እንደወሰደ ሐኪሞቹም ሕመምተኞቹም አያውቁም ነበር። የማስመሰያውን ከወሰዱት 29 ሰዎች 26ቱ ላይ ምላሹ መጣ። ፀረ-አካሉን ከወሰዱት 20 ሰዎች ግን 10ሩ ላይ ብቻ። በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን፣ በዓለም ትልቁ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በሰው ላይ፣ በእውነተኛ ኢንፌክሽን፣ ቲኤንኤፍን መያዝ የሰውነትን ቁጣ እንደሚያስታግሥ በግልጽ የታየበት ሥራ ነው።

ይህን ጽሑፍ ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ሳነብ ኩራት ተሰማኝ። ኋላ ደግሞ እነዚያን 49 ሰዎች ማሰብ ጀመርኩ። ግርሻ የሚይዘው ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የሚቀይረው ልብስ የሌለውን ነው። ፀረ-አካሉ ወደ ሆስፒታሎቻችን መደርደሪያ አልመጣም። ዛሬም ግርሻን የምናክመው በፔኒሲሊን ወይም በቴትራሳይክሊን ወገን መድኃኒት፣ በፈሳሽና ምላሹ እስኪያልፍ ከአልጋው ባለመራቅ ነው። ዓለም ከእነርሱ የተማረውን ያህል እነርሱ አላገኙም ብዬ ባስብ የምሳሳት አይመስለኝም።

አሁን የታሪኩን ጠመዝማዛ ስሙ። የዳንኤል ፈቃደ ቡድን ጽሑፍ ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በዚያው መጽሔት ላይ ስለ ሌላ ቲኤንኤፍን የሚይዝ መድኃኒት ጥናት ወጥቶ ነበር። ኢታነርሴፕት ይባላል። የተሰጠውም በሴፕሲስ የደም ግፊታቸው ለወደቀ 141 ሕመምተኞች ነው። የማስመሰያውን ከወሰዱት ከመቶ 30 ሞቱ። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት ግን ከመቶ 53። ቁጣውን ያበረደው መድኃኒት ይበልጥ ገደለ! መድኃኒቱ ግን አልተጣለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመገጣጠሚያ ብግነት ተፈቅዶ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ይረዳል።

አንድ ዓይነት ሐሳብ እንዴት አንድ ቦታ ረድቶ ሌላ ቦታ ይገድላል? እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገሮች ተሟልተዋል። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ከቃጠሎው በፊት ደርሷል። ሁለተኛ፣ ተህዋሲውን የሚገድለው ፔኒሲሊን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተከትሎታል። በሌሎቹ ሕመምተኞች ላይ ግን መልእክተኛው ጩኸቱን ጨርሶ ሄዷል፤ ሰውነት አሁን የሚያስፈልገው የቀረው የመዋጋት አቅሙ ነው። እሱን ስትነጥቁት ተህዋሲው ሜዳውን ለብቻው ያገኛል። ሰውነት የሚቆጣው በከንቱ አይደለምና።

የስቴሮይድም ታሪክ በሴፕሲስ ላይ ተመሳሳይ ውጣ ውረድ አለው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በአሜሪካ እጅግ ከፍተኛ መጠን ይሰጥ ነበር፤ በ1987 ሁለት ትላልቅ ጥናቶች ጥቅም እንደሌለው አሳዩና ተተወ። በ2002 ፈረንሳዮች በአነስተኛ መጠን መልሰው አመጡት። በ2018 በአንድ ዓመት ሁለት ጥናት ወጣ። ወደ 3,800 ሰዎች የተሳተፉበት በአውስትራሊያውያን የተመራው ሃይድሮኮርቲዞን ሕይወት አላተረፈም፣ ሕመምተኞቹ ግን ከግፊት መውደቅ ቶሎ ወጡ አለ። 1,241 ሰዎች የነበሩበት የፈረንሳዩ ደግሞ ሌላ ስቴሮይድ ተጨምሮበት የሞቱት ከመቶ 49 ወደ 43 ወረዱ አለ። ስለዚህ ዛሬ የደም ግፊታቸው በፈሳሽና በግፊት ማንሻ መድኃኒት አልመለስ ላለ አዋቂ ሕመምተኞች፣ በሆስፒታል፣ አንቲባዮቲኩ ከተጀመረ በኋላ በተወሰነ መጠን እንሰጣለን። ጠባብ በር ናት።

ኮሮና ሲመጣ ያ በር ሰፋ። በሰኔ 2012 እንግሊዞች ዴክሳሜታዞን ከ6,400 በላይ ሰዎች ባሉበት ጥናት ሕይወት እንዳተረፈ ሲያስታውቁ፣ የእኛም ጤና ሚኒስቴር በቀናት ውስጥ ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ መሣሪያ ለሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች እንዲሰጥ መከረ። ርካሽ ነው፣ አገር ውስጥ አለ፣ እውነትም አዳነ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት የሚሞተው ከመቶ 41 ወደ 29 ወረደ። ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት ከ26 ወደ 23። ኦክስጅን የማያስፈልጋቸው ግን ምንም አልተጠቀሙም፤ እንዲያውም ከወሰዱት ከመቶ 18 ገደማ፣ ካልወሰዱት 14 ነው የሞቱት። ራዲዮው የመጀመሪያውን ቁጥር ደጋግሞ ነገረን። የመጨረሻውን የሰማ ብዙ አይመስለኝም። «ዴክሳ ያድናል» የሚለው ወሬ ከከተማ ወደ ገጠር የወረደው ያለ እሱ ነው።

አሁን ወደ መቲ እንመለስ። እኛ ጋ ትኩሳት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ቡና ለቀማ ሲደርስ። ለወባ ዴክሳ እንዴት ነው? እሱንም ያጠናው ያው ዋረል ነው። ከኢትዮጵያ ከሄደ በኋላ ታይላንድ ውስጥ ሲሠራ፣ ወባው ወደ አንጎል ወጥቶ ራሳቸውን ለሳቱ ሰዎች ሐኪሞች ዴክሳሜታዞን ይሰጡ ነበር፤ አንጎል አብጧልና ያበርደዋል ብለው። ለ100 ሕመምተኞች ግማሹን ዴክሳ፣ ግማሹን ማስመሰያ ሰጥተው አዩ። የሞቱት ቁጥር ተቀራራቢ ሆነ። ከተረፉት ግን ዴክሳ የወሰዱት ለመንቃት በአማካይ 63 ሰዓት ፈጀባቸው፤ ያልወሰዱት 47 ሰዓት። የሳንባ ምችና የጨጓራ መድማትም ዴክሳ በወሰዱት ላይ በዛ። በ1982 ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ ለወባ አይሰጥም። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ዕውቀት ነው፣ ያች አራት ዓመቷ ልጅ ጋ ሳይደርስ የቀረው።

እኔ የምፈራው ግን መድኃኒቱ ከሚያደርገው ይልቅ የሚሸፍነውን ነው። ከላይ ልብ በሉ ያልኳችሁን አስታውሱ፦ ትኩሳቱን አበረደ፣ ምላሹን ግን አላስቀረም። የመርፌው ባሕርይ እሱ ነው። ልጅ ይወጋል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይመጣል፣ እናት ታርፋለች። ወባው ወይም የሳንባ ምቹ ግን ከውስጥ ሥራውን አላቆመም። ማንቂያ ደወሉ ነው የተነቀለው። ፓራሲታሞልም ትኩሳት ያወርዳል፣ ግን የሰውነትን መከላከያ እንደ ስቴሮይድ አያፍንም፤ ሆኖም እሱንም ሰጥታችሁ ትኩሳቱ ቢወርድ የደም ምርመራው አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ አካባቢ ስለሚሆን። በእርጥብና ሞቃት መሬት ላይ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው በእግሩ ቆዳ የምትገባ ስትሮንጂሎይደስ የምትባል ቀጭን የአንጀት ትል አለች። ለዓመታት ድምፅ ሳታሰማ ትኖራለች። ስቴሮይድ ሲወሰድ፣ በተለይ ደጋግሞ ሲወሰድ፣ ከአንጀት ወጥታ በመላ ሰውነት ልትሠራጭ ትችላለች፤ ስትሠራጭም የአንጀት ባክቴሪያ ተሸክማ ወደ ደም ትገባለች። ሴፕሲስን ለማዳን ይሆናል የተባለው መድኃኒት ሴፕሲስ ሲያመጣ ማለት ነው። የተኛ ቲቢንም እንዲሁ ይቀሰቅሳል፣ ስኳርንም ከፍ ያደርጋል።

ዴክሳን ጠላት አድርጌ እንዳትወስዱብኝ። ያለ ቀኑ ሊወለድ ላለ ሕፃን ሳንባ እንዲጠነክር ለእናቱ የምንወጋው እሱን ነው። ጉሮሮው አብጦ ትንፋሽ ላጠረው ሕፃንም እንሰጣለን። በሐኪም ትእዛዝ ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለሌላ ሕመም ስቴሮይድ የምትወስዱ ይህን አንብባችሁ በድንገት እንዳታቆሙ፤ በድንገት ማቆም ራሱ ግፊት ይጥላል። ጥያቄ ካላችሁ ያዘዘላችሁን ጠይቁ።

ትኩሳት ያለበት ልጅ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከወትሮው በላይ ከደነዘዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ግንባሩ እያተኮሰ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን አምጡት። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሲሆን ትኩሳት ላይኖረውም ይችላል፤ ገላው ቢቀዘቅዝና ጡት እምቢ ቢል ያው ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚያተኩሳትና የሚሸት ፈሳሽ ያላት እናትም እንዲሁ፤ «የአራስ ብርድ ነው» ተብሎ አይጠበቅም። ሩቅ ያላችሁ መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ጤና ኬላ ብትሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወባውን በጣት ደም ታየዋለች፣ የከበደውን ደግሞ ሳትዘገይ ትልካለች።

ከዚያ በፊት የሆነ ቦታ መርፌ ተወግቶ ከሆነም አትደብቁን፣ አንቆጣም። ያች እናት ብልቃጡን በመቀነቷ ቋጥራ ባትመጣ ኖሮ ልጅቷ በሁለተኛው ቀን ለምን ተሽሏት እንደነበር እኛም ግራ በገባን ነበር። ብልቃጡን ወይም ማሸጊያውን አትጣሉት፤ ይዛችሁት ኑ።